የፈረንጅ ዋጋ ሐላል ነውን?

ለመሆኑ የአንድ መደብ ሽንኩርት ዋጋ ስንት ነው? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ በገበያ ቀን ከአንድ ጥግ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው መልሱ የዚያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። ለሰፈሩ ሰው አንድ ዋጋ ይጠራል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ለመጣው ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል። ለፈረንጅ ደግሞ የሁለቱ ድምር የሚያህል ይጠራል። ሽንኩርቱ ግን ያው ሽንኩርት ነው። የበቀለበት ማሳ፣ የተጫነበት አህያ፣ የተከፈለበት ቀረጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ከመደቡ ፊት የቆመው ሰው ነው።

«የፈረንጅ ዋጋ» የሚለው አነጋገር በአገራችን ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነው። የሚነገረውም በሳቅ ነው። ሻጩ ሲነቃበት አያፍርም፤ ፈረንጁም ጥቂት ወራት ከሰነበተ በኋላ በተሰባበረ አማርኛ «የሐበሻ ዋጋ ንገሪኝ» ማለት ይለምዳል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ነገር ግን የሚያስቅ ነገር ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። በከተማ የሚኖረው ሙስሊም ብዙው ከንግድ የሚበላ እንደመሆኑ መጠን ነገሩን ከሳቁ ለይተን በሚዛን ልናየው ይገባናል። በሳቅ የተቀበልነው ትርፍ ቤታችን ገብቶ ልጆቻችን የሚበሉት ነውና።

ፈረንጅ ስንል ሁሉም አንድ አይደለም። ላሊበላን ለማየት መጥቶ በሦስተኛው ቀን የሚመለሰው ቱሪስት አለ፤ በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄደው የርዳታ ድርጅት ሹም አለ። እኔ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሌላውን ነው፤ እርሱም በታናሽ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የበጎ ፈቃድ አገልጋይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጊዜ «የሰላም ጓድ» የሚባለውን ድርጅት ካቋቋመች በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በ1962 ከ270 የሚበልጡ ወጣቶች አስተማሪዎች ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ሕዝቡ «ፒስ ኮር» ይላቸው ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በጎጃምም ጭምር፣ ሲያስተምሩ ቆይተው በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1977 ድርጅቱ ከአገር ወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለጥቂት ዓመታት ተመልሶ ነበር። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ እንደገና መጥቶ፣ በአማራ ክልል ታናናሽ ከተሞች ጭምር እንግሊዝኛ የሚያስተምሩና በጤና ሥራ የሚረዱ ወጣቶችን ሲያሰማራ ቆየ። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ ግን አገልጋዮቹ ከዓለም ዙሪያ ሁሉ በቀናት ውስጥ ተጠርተው ወደ አገራቸው ገቡ።

የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ከሌላው ፈረንጅ የተለየ ነበር። መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል በአንድ ቤተሰብ ቤት ተቀምጠው ቋንቋና ወግ ይማራሉ፤ ቀጥሎ በተመደቡበት ከተማ ሁለት ዓመት ይቀመጣሉ። መኪና መንዳት አይፈቀድላቸውም። የሚሰጣቸውም ገንዘብ ደመወዝ ሳይሆን በብር የሚከፈል የመተዳደሪያ አበል ነው፤ የሚተመነውም ኑሯቸው በዙሪያቸው ካለው ሕዝብ ኑሮ እንዳይርቅ ተብሎ ነው። በጎረቤቱ ዘንድ ግን ይህ ሁሉ አይታይም። የሚታየው ቆዳው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ «ቲቸር» ነው። በዕረፍት ቀኑ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣል። ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ሕፃናት «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉታል፤ የመንገድ ሥራ ቻይናዎች በየአውራጃው ካለፉ ወዲህ «ቻይና!» የሚለውም አይጠፋም። የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ አምስት ዕንቁላል፣ ቀኑ ከቀናው ማር። ክረምቱ እየገባ ከሆነ ጋቢም ያስፈልገዋል። በጎጃም ሽመና ከጥንት ጀምሮ የሙስሊሞችም መተዳደሪያ ስለሆነ ጋቢውን የሚገዛው ከኛው ወገን ሊሆን ይችላል። ሻጩ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ዋጋ ይጠራለታል።

ከዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ክርክር ራሱ ነውር አይደለም። ሸሪዓም ገዢና ሻጭ ተከራክረው መግባባታቸውን ፈቅዷል። አንዲት የቢቸና ባልቴት ከመደቡ ፊት ስትቆም ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ እሷም «ኧረ ወግድ! ባለፈው ሳምንት በስንት ገዛሁት?» ትልና ሁለት እርምጃ ትሄዳለች። ይጠራታል። ትመለሳለች። «ጨምርልኝ» ትላለች፤ አንድ ራስ ሽንኩርት ምርቃት ይጥልላታል። ይህ ሁሉ ንግግር ነው። ዋጋው ወረቀት ላይ ባይጻፍም በሁለቱም ልብ ተጽፏል፤ ሁለቱም የት ላይ እንደሚገናኙ ከመጀመሪያው ያውቁታል። ከፍ ተደርጎ የተጠራው ዋጋ ውሸት አይሆንም፤ ማንም አልተታለለበትምና። የባልቴቲቱ ሁለት እርምጃም ቃል ነው።

ያው ዋጋ፣ ያው ቃል፣ በዚያው አፍ ለእንግዳው ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እንግዳው ያለፈውን ሳምንት ዋጋ አያውቅም። ሁለት እርምጃ ቢሄድ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም። «ቀንስ» ማለትን ተምሯል፤ ምን ያህል እንደሚቀነስ ግን የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ ለባልቴቲቱ የጨዋታ መክፈቻ የነበረው ለእርሱ ወጥመድ ነው። በእኔ አስተያየት የጥያቄው ሥር ከዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ትርፉ ስንት ነው የሚለው አይደለም። ትርፉ የመጣው ከዕቃው ነው ወይስ ከገዢው አለማወቅ የሚለው ነው።

ነጋዴዎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አላቸው። መልሶቹም በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም።

የመጀመሪያው «ወዶ ነው የገዛ» የሚለው ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ ምእመናን ገንዘባቸውን በከንቱ እንዳይበሉ ሲከለክል፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ለይቶ ፈቅዷል። ታዲያ ገዢው ከወደደ ምን ቀረ? ለዚህ መልስ የሚሆነውን ታሪክ ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙ ዲን» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረውታል። ዩኑስ ኢብን ዑበይድ በሁለተኛው ምዕተ ሂጅራ በበስራ የኖሩ ልብስ ነጋዴና ዓሊም ነበሩ። በሱቃቸው አራት መቶ ድርሃም የሚያወጣም ሁለት መቶ የሚያወጣም ልብስ ነበር። አንድ ቀን የወንድማቸውን ልጅ ሱቅ ትተው ወደ ሶላት ሄዱ። አንድ የበረሃ ሰው መጥቶ የአራት መቶ ልብስ ሲጠይቅ ልጁ የሁለት መቶውን አቀረበለት። ሰውየው ወደደው፤ አራት መቶ ከፍሎ ልብሱን በእጁ ይዞ ሄደ። ዩኑስ በመንገድ ሲያገኙት ልብሱን ዐወቁት። በስንት ገዛኸው አሉት፤ ነገራቸው። ከሁለት መቶ አይበልጥም፣ ተመለስ አሉት። ሰውየው በኛ አገር አምስት መቶ ያወጣል፣ እኔም ወድጄዋለሁ ብሎ መለሰ። እርሳቸው ግን ይዘውት ተመልሰው ሁለት መቶውን ሰጡት። የወንድማቸውን ልጅም አላህን አትፈራምን ብለው ሲቆጡት፣ ልጁ የተናገረው የዛሬው ነጋዴ የሚናገረውን ነው፦ ወዶ ነው የገዛ። የዩኑስም መልስ፣ ለራስህ የምትወደውን ለእርሱ ለምን አልወደድክለትም የሚል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገዢው ማን እንደሆነ ልብ በል። የበረሃ ሰው ነው። ለከተማው እንግዳ ነው። ዋጋ አያውቅም። ደስ ብሎትም ሄዷል። መውደዱን ማንም አልካደውም። ግን የወደደው የማያውቀውን ነገር ነው። ሰው የማያውቀውን እንዴት ይወዳል? የመዲናው ሙሐመድ ኢብን አል-ሙንከዲርም አገልጋያቸው የአምስት ድርሃሙን ጨርቅ ለአንድ የበረሃ ሰው በዐሥር ሸጦት ቆየና፣ ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ሰውየውን ሲፈልጉ ዋሉ፤ አግኝተውም ወይ የዐሥሩን ጨርቅ እንዲወስድ፣ ወይ አምስቱን እንዲቀበል፣ ወይ ጨርቁን መልሶ ገንዘቡን እንዲረከብ አስመረጡት።

እዚህ ላይ ግን ከልክ በላይ እንዳንሄድ ያስፈልጋል። በየመድረኩ «የማያውቅን ሰው በዋጋ መጉዳት ሪባ ነው» የሚል መልእክት ያለው ሐዲስ ሲጠቀስ እንሰማለን። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ዘገባ ደካማ ብለውታል፤ እኛም አያስፈልገንም። በአገራችን ብዙው ሙስሊም የሚከተላቸው የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ውሸትና ማታለል እስካልገባበት ድረስ የዋጋ መብለጥ ብቻውን ሽያጩን አያፈርሰውም ይላሉ። ሐንበሊዎች ዋጋ ሳያውቅ በሻጩ ተማምኖ ለገዛ ሰው፣ ከልማድ ውጪ ተጎድቶ ከተገኘ፣ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ ይሰጡታል። ከማሊኪዎችም ሲሦን ወሰን ያደረጉ አሉ። አል-ገዛሊ ራሳቸው ነገሩን ያስቀመጡት በዐድል ምዕራፍ ሳይሆን በኢሕሳን ምዕራፍ ነው። ይህም ማለት ዳኛ ፊት የማያስቀርብ፣ ነገር ግን ነጋዴን ከነጋዴ የሚለይ ነገር ነው ማለት ነው። ለትርፍም በሸሪዓ የተቆረጠ ገደብ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ.) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት፤ እርሱ ሁለት በግ ገዛበት፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ በግም ዲናርም ይዞ መጣ። በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ስለዚህ እጥፍ ማትረፍ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዑርወት ግን ማንንም በማንነቱ ለይቶ አላስከፈለም፤ ብልህነቱ በገበያው ላይ እንጂ በሰው አለማወቅ ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ «ገንዘብ አለው» የሚል ነው። ይህ መልስ ከሁሉ ይልቅ ተወዳጅ ነው፤ ፍትሕ ይመስላልና። ድኻዋ ቲማቲም ሻጭ ከሀብታም አገር ልጅ ዐሥር ብር ብትጨምር ማን ተጎዳ? እኔም ለጉልት ሻጯ ልቤ ያዝናል፤ በእርሷና ትልቅ መደብር ባለው ነጋዴ መካከልም ልዩነት አያለሁ። ይሁን እንጂ ከላይ እንዳልነው ያ አገልጋይ በእጁ ያለው የከተማው ሰው የሚተዳደርበትን ያህል ነው። ደግሞም ሀብታም ቢሆንስ? የሀብታም ገንዘብ ለሚያገኘው ሁሉ የተፈቀደ ነው ያለ ማን ነው? ሰደቃ የሰጪውን ኒያ ይፈልጋል። ሳያውቅ የተወሰደበት ሰው ሰደቃ አልሰጠም። ነገሩ የድኾች መደጎሚያ ነው ብንል እንኳ ትርፉ ለድኻ አይደርስም፤ የሚደርሰው ለመጀመሪያ ላገኘው ነው።

ሦስተኛው መልስ «መንግሥትም ያደርገዋል» ነው። እውነት ነው። በሙዚየሞችና በብሔራዊ ፓርኮች የውጭ ዜጋ ከኢትዮጵያዊ የበለጠ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል። በአገር ውስጥ በረራም ላይ እንዲሁ የተለየ ታሪፍ ሲሠራበት ቆይቷል። ይህን በጭፍን መንቀፍ አይቻልም፤ የአገሬው ሰው ቅርሱን በግብሩ ይጠብቃል፣ እንግዳው አይጠብቅም። ልዩነቱ ግን ከበሩ ላይ ነው። ሙዚየሙ ሁለቱንም ዋጋ ጽፎ ሰቅሎታል። እንግዳው አንብቦ፣ ልዩነቱን ዐውቆ፣ ይገባል ወይም ይመለሳል። የገበያው ሻጭ ሁለቱን ዋጋ ጽፎ መስቀል ይችላል? «ለሐበሻ ይህን ያህል፣ ለፈረንጅ እጥፍ» ብሎ ቢጽፍ ማን ይገዛዋል? ሊጻፍ የማይችል ዋጋ በመሰወሩ ብቻ የሚኖር ዋጋ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያወግዛቸው ሰዎች ለራሳቸው ሲሰፍሩ የሚያሞሉ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ናቸው። ይህን አንቀጽ ዘወትር የምናነበው በጣሳና በሚዛን ነው። የተሰበረ ጣሳ፣ ከሥሩ የተወቀረ ቁና፣ የላላ ሚዛን እናስብበታለን። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ለሚያውቅ አንድ ዋጋ፣ ለማያውቅ ሌላ ዋጋ የያዘ ሰውም በቦርሳው ሁለት ጣሳ ይዟል።

የቀረው መልስ አፍ አውጥተን የማንናገረው ነው። «እሱ ከኛ አይደለም» የሚለው። የሰፈራችንን ሰው በዋጋ ብናታልል እናፍራለን፤ ነገ በሠርግ ወይም በለቅሶ እንገናኛለንና። እንግዳው ግን ይሄዳል። ዘሩ ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ ነው። ከዚህ ላይ ሱረቱ አሊ ዒምራንን ማስታወስ ይገባል። በዚያ ሱራ ከመጽሐፉ ሰዎች መካከል ክምር ወርቅ አደራ ቢሰጡት የሚመልስ እንዳለ ሁሉ፣ አንዲት ዲናር እንኳ ቆመው ካልጠበቁት የማይመልስ እንዳለ ይነገራል፤ የዚህኛውም ምክንያት «ከኛ ባልሆኑት ላይ ተጠያቂነት የለብንም» ማለቱ እንደሆነ ይገለጽና ይህ በአላህ ላይ የተነገረ ውሸት ነው ተብሎ ይወገዛል። አንቀጹ የወረደው በሌሎች ሰዎች ነው ብለን ብንጽናና ስህተት ነው። የተወገዘው ሕዝቡ ሳይሆን ሰበቡ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአይሁዳዊ ገዝተዋል፤ ሲሞቱም ጥሩራቸው በገብስ ዕዳ ከአንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ ነበር። ከእኛ ባልሆነው ሰው ዘንድ የነበራቸው ስም «አል-አሚን»፣ ታማኙ የሚል ነበር፤ ይህንንም ስም የሰጧቸው ገና ነቢይ ሳይሆኑ ነው።

እስካሁን ስለ ፈረንጁ ተናገርን። እርሱ ግን የሚታይ ምሳሌ ስለሆነ እንጂ ዋናው ተጎጂ አይደለም። የበስራው የበረሃ ሰው በቢቸና ቢፈለግ የሚገኘው አህያውን ጤፍ ጭኖ ከወረዳው ጫፍ ሌሊት የተነሣው ባላገር ነው። እነማይና አካባቢው የጤፍ አገር ነው። ገበሬው ገበያ ሳይደርስ ከከተማው መግቢያ ላይ ሰብሳቢና ደላላ ይጠብቁታል። «ዛሬ ገበያው ወድቋል፣ ውስጥ ብትገባ ከዚህ አታገኝም» ይሉታል። አህያዋ ደክማለች፤ ጨውና ዘይት ገዝቶ ከመምሸቱ በፊት መመለስ አለበት። ይሸጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ በመንገድ ተቀብሎ መግዛትን የከለከሉት ይህንኑ ነው፤ ባለ ዕቃው ገበያ ከገባ በኋላ ዋጋውን ዐውቆ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫም ሰጥተውታል። የከተማ ሰው ለገጠር ሰው እንዳይሸጥለትም ከልክለዋል፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሲጠየቁ ደላላ እንዳይሆንበት ማለት ነው ብለው አብራርተውታል። ከ1,400 ዓመት በፊት የተነገረው የዛሬውን የከተማ መውጫ ቆሞ ያየ ያህል ነው። ደግነቱ አሁን ሞባይል ስልክ ገብቷል፤ ብዙው ገበሬ ከመጫኑ በፊት ደውሎ ይጠይቃል። አንድ የስልክ ጥሪ ለደላላው ከብዙ ኹጥባ ይልቅ የሚከብደው ይመስለኛል።

«ገንዘብ አለው» የሚለው ሰበብ በባላገሩ ፊት ይወድቃል። ባላገሩ ገንዘብ የለውም። ግን ያው እጅ፣ ያው ዘዴ ነው የሚሠራበት። ስለዚህ ሰበቡ ከመጀመሪያውም ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ ስለ ማወቅና አለማወቅ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅሎ ወደ አማራ ክልል ከተሞች የገባ ወገን አለ። የቤት ኪራይ አያውቅም፤ የእህል ዋጋ አያውቅም፤ የሚዋስለት ጎረቤት የለውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት ዋጋም በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አገሬው ራሱ ዋጋ የማያውቅ እንግዳ ይሆናል።

ይህን ለሙስሊም አንባቢ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎጃም ሙስሊሙ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን ስላልተፈቀደለት ኑሮውን በንግድና በእጅ ሥራ መሠረተ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና ወርቅ ከጎጃም ሸቀጥ ጋር ይገናኝበት በነበረው በየጁቤው የባሶ ገበያ የታወቁት ነጋዴዎች ሙስሊሞች ነበሩ። (በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ እንደነበር መሸፈን አያስፈልግም፤ ንግድ ያለ ሚዛን የት እንደሚደርስ ያሳያል።) በአገሩ ተወልዶ፣ በአገሩ አፈር አባቱን ቀብሮ፣ በገበያው ግን እንደ እንግዳ መታየት ምን እንደሆነ ይህ ወገን ያውቀዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘርፈው ነደዋል። በዚያ ቀን ባለ ሱቁ እንዴት ያለ ነጋዴ ነው፣ ሚዛኑ ልክ ነው አይደለም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው ከማን ወገን ነው የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ሃይማኖት ድርጊቱን ያወገዙና ለመልሶ ማቋቋሚያ እጃቸውን የዘረጉ መኖራቸውም መነገር አለበት።

የጥቂት ብር ብልጫን ከሱቅ ማቃጠል ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም። ይህን የሚል ሰው ሚዛን አያውቅም። ነገር ግን ከዕቃው አስቀድሞ «ከኛ ነው ወይስ ከነሱ?» ብሎ መጠየቅ ክፉ ልማድ መሆኑን ከኛ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? በገዛ ቆዳችን የምናውቀውን ጥያቄ ለሌላው ስንጠይቅ በትንሹም ቢሆን ሊቀፈን ይገባል።

ሐጅ የሄደም ሰው ይህን አያጣውም። መካ ወይም መዲና ላይ ከሐረም ወጣ ብሎ ሙሰብሓ ወይም ሽቶ ሲገዛ፣ ቋንቋ ሳይችል፣ ሪያሉን በልቡ ወደ ብር እየመነዘረ፣ ያው «ፈረንጅ» እርሱ ነው። ጎረቤቱ ያንኑ ሙሰብሓ በግማሽ ዋጋ ገዝቶት ሲያይ የሚሰማውን ስሜት ያስታውስ። ከዚያም ይልቅ የራቀ ዘመድ አለን፤ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ራሳቸው በሐበሻ ገበያ እንግዶች ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊው አጥ-ጦበሪ እንዳስተላለፉት የሐበሻ ምድር ከእስልምና በፊትም ቁረይሾች የሚነግዱበት፣ ሲሳይና ጸጥታ የሚያገኙበት አገር ነበር። ሶሓቦቹ ስደት ሲፈቀድላቸው ወደዚህ የመጡት ስለ ንጉሡ ፍትሕ ተነግሯቸው ነው፤ የንጉሥ ፍትሕ ደግሞ ለድኻ ስደተኛ በየቀኑ የሚታየው በችሎት ብቻ ሳይሆን በእንጀራና በጨው ዋጋም ነው።

አሁን የሚቀረው ስለ ሄደው ሰው ነው። ያ በጎ ፈቃደኛ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ከተጠራ ወዲህ አይገኝም፤ ስሙንም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከእርሱ ላይ ከልማድ ውጪ ያተረፈ ነጋዴ ምን ያድርግ? ውሸት ካልተናገረ፣ ጉድለት ካልሸሸገ፣ በብዙዎቹ ፉቀሃእ ዘንድ ሽያጩ ጸንቷል፤ የቀረበት የዩኑስ ደረጃ ነው። «እኔ ራሴ የገዛሁት በዚህ ነው» ብሎ በሐሰት ምሎ ከሆነ ግን ያ ብልጫ የሰውየው ሐቅ ነው። ባለ ሐቁ ፈጽሞ የማይገኝ ሲሆን ብዙዎቹ ዑለማእ በእርሱ ስም ለድኻ ይሰጣል፤ ድንገት ከመጣ ደግሞ ምርጫው የእርሱ ይሆናል፣ ወይ ሰደቃውን ያጸድቃል ወይ ገንዘቡን ይቀበላል ይላሉ።

ለሚመጣው ገዢ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ከአንድ የሳሙና ካርቶን ቁራጭ ላይ ዋጋ ጽፎ ከመደርደሪያው ላይ ማቆም ወጪው ምንም ነው። በአዲስ አበባ ብዙ መደብሮች «ዋጋ ቁርጥ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ ዋጋውን ግን ከጎኑ አይጽፉትም። ባላገሩ ማንበብ ባይችል እንኳ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጁ አብሮት ገበያ ይመጣል፤ እሱ ያነብለታል።